ሁለት ፒንና ሦስት መቶኛ

ቶርኖ ቤቷን ልትከፍት ጠዋት ስትደርስ፣ በሩ ላይ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ፍላንጅ በሽቦ ተንጠልጥሎ ጠበቃት። ከሥሩ በጠመኔ «የመቶኛ ሥራ ይህን ይመስላል» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊውን ለማወቅ ፊርማ አላስፈለጋትም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አብራው የኖረችው ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው።

መንገዱ ግራና ቀኙን ጋራዥ ነው። በዚያ ሰዓት መካኒኩ ሁሉ ቱታውን እያጠለቀ በየደጁ ቆሟል። ሌላ ቀን ቢሆን ከዚህም ከዚያም «እንዴት አደርሽ» ይዘንብባት ነበር። ዛሬ አንዱ የጫማውን ክር ያስራል፣ ሌላው ምንም ያልሆነ ጎማ በእግሩ እየነካ ይመረምራል። እሷም ሽቦውን ፈታች፣ ፍላንጁን ብብቷ ሥር ሸጎጠች፣ ጠመኔውን በእጅጌዋ ጠረገችና ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋች።

«መቶኛ» እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ያወጡት መካኒኮቹ ናቸው። ሌላው ሰው ሚሊሜትር ከደረሰ ረካሁ ብሎ ሲያቆም፣ እሷ አንዱን ሚሊሜትር መቶ ቦታ ከፋፍላ «ቆይ፣ ሁለት መቶኛ ይቀረዋል» ስለምትል ነው። መጀመሪያ ሊያሾፉባት ነበር፤ ኋላ ቀልዱ ረገፈና ስሙ ቀረ። ሙያውን ያስተማራት አጎቷ ነው፤ «ብረት አማላጅ አይቀበልም» እያለ፣ የተበላሸ ሥራ ባመጣችለት ቁጥር አንዴም ሳይቆጣ ወደ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው በርሜል የሚወረውር ሰው። ያ ዝምታው ከዱላ ይከፋ ነበር ትላለች።

የመንገዱ ሙያ አሮጌ ባለ ቱርቦ መኪኖችን ዳግም ማስነሳት ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሞተር ይወጣል፤ ከሌላ መኪና የተነቀለ ጉልበታም ሞተር በቦታው ይገባል፤ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚግተው ቱርቦ በትልቁ ይቀየራል። ታዲያ የአንዱ ፋብሪካ ሞተር የሌላውን ፋብሪካ ካምቢዮ አያውቀውም። የቡሎን ቀዳዳቸው እንኳ አይገጥምም። መሃላቸው ገብቶ የሚያስታርቃቸው እሷ ከወፍራም አሉሚኒየም ቀርጻ የምታወጣው ፍላንጅ ነው። የተጣላ ብረት በማስታረቅ የምትኖር ሴት ናት እንግዲህ፤ በቤቷ ግን ነገሩ አልሠራም።

ባሏ ጉልቤ ይባላል። የሞተር ማንሻው ፓራንኮ ሰንሰለቱ ካዳለጠው ሞተሩን በደረቱ ደግፎ የሚያቆም፣ የማይገባውን በትከሻ፣ የማይወጣውን በመዶሻ የሚያሳምን መካኒክ ነው። ጋራዡን የከፈቱት አብረው ነበር። የተለያዩት በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ መኪናውን ሊረከብ መጥቶ «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የገጠመው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጉልቤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኔ ነኝ። እሷ ቀዳዳ ነው የምትሠራው» አለ። ሳቀም። ደንበኛውም ሳቀ። እሷ ሌላውን ስድቡን ሁሉ ረስታለች፤ ይህን ግን እንደ መድኃኒት በየጠዋቱ ትውጠዋለች።

ጋራዡ በቆርቆሮ ግድግዳ ለሁለት ተከፈለ። ፓራንኮው ለሱ፣ ቶርኖው ለሷ። መንገዱ ላይ ሌላ ሞተር የሚያነሳ ብዙ ነው፣ ሌላ ፍላንጅ የሚቀርጽ ግን ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ መጣላቱን ይጣሉ እንጂ መራቁ አልተቻለም። የተረፈችው አንዲት መሸጋገሪያ የእሱ እናት ናቸው። የሚያድሩት በልጃቸው በኩል ነው፤ ምሳ የሚበሉት ግን ከምራታቸው ጋር። ግድግዳው ላይ በልካቸው ጠባብ በር ተቆርጦላቸዋል።

«እማማ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሩልኝ፣ የካምቢዮውን ልክ ካላመጣ አልጀምርም።»

«እሺ።»

«ሰውዬ ያልኩትንም ንገሩት።»

«እሱም ‹ያቺ ሴትዮ› ብሎሻል። እኔ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ፣ ያንን አድርሱ ይህን አድርሱ የምትሉኝ? ፖስታ ቤት እንኳ እሑድ ይዘጋል።»

እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ዓመት ሞላቸው። ከዚያ የፋርማሲስቱ መኪና መጣ።

ፋርማሲስቱ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ድምፁን የማያሰማ ሰው ነው፤ አንድ ብቻ ዕብደት አለበት፣ እሱም ያቺ ሁለት በር ያላት አሮጌ ባለ ቱርቦ መኪናው ናት። ሞተሯ ሲሞትባት ትልቅ ሞተር ይግባላት አለ። ፍላንጁን መቶኛ ልትቀርጽ፣ ጉልቤ ሊገጥም ተነጋገሩ፤ ማለትም እማማ ሲመላለሱ ዋሉ።

ፍላንጁን ከሞተሩና ከካምቢዮው ጋር መሃል ለመሃል አድርገው የሚይዙት ሁለት ፒኖች ናቸው፤ እንደ ሌባ ጣት የወፈሩ፣ ርዝመታቸው የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል የብረት ቁራጮች። ቡሎን ያጠብቃል እንጂ ቦታ አያሳይም። ቦታ የሚያሳየው ፒኑ ነው። ሰው ግን ቡሎኑን ያምናል፤ ቡሎን ሲጠብቅ ክንድ ያውቀዋል፣ ፒን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው።

ድሮ ፒኖቹን ራሷ ፍላንጁ ላይ ከትታ ነበር የምትሰጠው። ለዚህኛው ግን በዘይት በራሰ ወረቀት ጠቅልላ ለብቻ ላከችለት። ከመላኳ በፊትም ሁለቱን ፒኖች ከልካቸው ሦስት መቶኛ አወፍራ ተወቻቸው። ሦስት መቶኛ ሚሊሜትር በዓይን አይታይም፤ የራስ ፀጉር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፒኑ ግን በእሱ ምክንያት አይገባም። አስባበት ነው። እናቱን ሳይልክ በእግሩ ዞሮ መጥቶ፣ ደጇ ቆሞ «አልገባልኝም» ይበላት ነበር የፈለገችው። እሷም «ቀዳዳ መሥራት ማለት እንዲህ ነው» ልትለው መልሷን አዘጋጅታ ነበር። ከዚያ በኋላ ፒኑን ማቅጠን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጉልቤ አልመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ጠበቀች። በሳምንቱ የመኪናዋ ሞተር ከግድግዳው ማዶ ተነሣ፣ ቱርቦው አፏጨ፣ ፋርማሲስቱ እየነዳ ወጣ። «በመዶሻ አስገብቶት ይሆናል» ብላ ራሷን አሳመነች። እማማን ጠይቁልኝ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ዐሥራ ሁለት ቀን ሄደች መኪናዋ። በዐሥራ ሦስተኛው ፋርማሲስቱ በረጅሙ ዳገት ላይ ነዳጁን ሲረግጥ፣ ቱርቦው ጉልበቱን ሲያወርድ፣ ከእግሩ ሥር ብረት ለሁለት ሲከፈል ሰማ። ተጎትታ መጣች። ጉልቤ ካምቢዮውን አወረደ፤ ኩሽኔታው ተፈጭቷል፣ ፍሪሲዮኑ ተበጣጥሷል፣ ፍላንጁ ከጆሮው ተሰንጥቋል። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ «መሃሉን ስታ ነው የበሳችው» አለ። በማግሥቱ ጠዋት ፍላንጁ በሯ ላይ ተሰቀለ።

ይህ ቀልድ አልነበረም። የመንገዱ ሰው የእሷን ሥራ ለክቶ አያውቅም። ከእጇ ተቀብሎ በቀጥታ ይገጥማል፤ «መቶኛ ናት የሠራችው» ከተባለ ነገሩ አለቀ። የነበራት ይኸው ብቻ ነው፤ ደጇ ላይ ማስታወቂያ እንኳ የላትም። መሃል መሳቷ ከታመነ ከእንግዲህ ከእጇ የሚቀበል የለም።

ረፋዱ ላይ ከሦስተኛው ጋራዥ አንድ መካኒክ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም።

«ያንን ቮላኖ ስጪኝ ብሏል አለቃዬ።»

«አላለቀም እኮ። ፊቱን ገና እየላጥኩት ነው።»

«እንዳላለቀ ይሁን ብሏል።»

ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ያንን ከባድ የብረት ዲስክ ሰጠችው። ከእሱ ኋላ ሌላው መጣ፣ እሱም ያመጣውን ይዞ ሄደ። ያን ጊዜ መቶኛ ቶርኖውን አጠፋች፣ ጠባቧን በር አንኳኳችና «እማማ» አለች፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሩት። በምሳ ሰዓት ካርቶን ይዘርጋ።»

ካርቶን መዘርጋት የመንገዱ ሕግ ነው። ሁለት ባለሙያ በአንድ ብልሽት ከተካሰሱ፣ የተበላሸው ዕቃ አስፋልቱ ዳር በካርቶን ላይ ይዘረዘራል፤ ሠራተኛው ሁሉ ዙሪያውን ይቆማል። መናገር የሚችለው ከተዘረጋው አንዱን በእጁ የያዘ ብቻ ነው። ባዶ እጁን የሚጮህ ሰው አይሰማም። ዳኛው ራዲያተር ጠጋኙ ጋሼ ናቸው፤ ሽማግሌ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፣ ሞተርም ፍላንጅም ስለማይነኩ ከማንም ጋር ተፎካካሪ አይደሉም።

ፋርማሲስቱም ተጠርቶ መጣ። ከሰዉ ፈንጠር ብሎ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ።

ጉልቤ ቀድሞ ፍላንጁን አነሣ። «ይኸው። ስንጥቁ ይታያችኋል። እኔ የሰጠችኝን ገጠምኩ። ጥሩ ሲሆን የእሷ፣ ሲሰበር የእኔ ሊሆን ነው? ጎበዝ ናት ብላችሁ ሰማይ ሰቀላችኋት፣ እንግዲህ አውርዷት።»

አንዳንዱ ጉርምርም አለ። እሷ ፍላንጁን ከእጁ ተቀበለችው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ እጅ ለእጅ የተቀራረቡት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ጋሼ አዙረው ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ አልለካም» አለች። «ከወንዙ ማዶ ያለውን ቶርኖ ሠራተኛ አስጠርቼዋለሁ። ይወደኛል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።»

ሳቅ ሆነ። ማዶኛው ተፎካካሪዋ ነው፤ ስሟ ሲነሣ ጥርሱን የሚያመው ሰው። በራሱ መለኪያ ከመሃል ወደ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለካ፣ ከሞተሩና ከካምቢዮው ፊት ጋር አስተያየ፣ ደግሞ ለካ። ጊዜ ወሰደ። ስህተት ቢያገኝ ደስታው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ልክ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ሊውጠው የከበደው ይመስል። «አልሳተችም።»

«አሁን ቀዳዳዎቹን እዩልኝ» አለች መቶኛ። «የቡሎኖቹን እዩ። የቡሎን ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ ነክሷቸዋል፤ ካምቢዮው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ እዩ፤ የፒን ቀዳዳዎች ናቸው። የበሳሁበት ዘይት እንኳ አልደረቀም። እነዚህ ቀዳዳዎች ውስጣቸው ፒን አይቶ አያውቅም። ያለ ፒን ነው የገጠመው።»

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩ። ሰውም ተገፋፍቶ አየ። ጉልቤ ባዶ እጁን ነበርና ለመናገር አንድ ቡሎን ከካርቶኑ ላይ አፈፍ አደረገ።

«አልገባማ» አለ። «ፒኑ አልገባም ነው የምላችሁ።»

«ካልገባ ለምን አልጠየቅካትም?» አሉ ጋሼ።

«እሷን?»

«ማንን ልትጠይቅ ኖሯል፣ ፒኑን?»

ሰው ሳቀ። ጉልቤ አንገቱ ቀላ። «ስምንት ቡሎን ይዞታል ብዬ ነው። ስምንት ቡሎን ግድግዳ ያቆማል።»

ያኔ እማማ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። ከሽርጣቸው ኪስ ያንን በዘይት የራሰ ወረቀት አወጡና ካርቶኑ ላይ ፈቱት። ሁለቱ ፒኖች ተንከባለሉ።

«የልጄ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ» አሉ። «ማንንም ልጠቅም አይደለም ያመጣኋቸው። በሁለታችሁ መሃል ሳመላልስ ያልመለስኩት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።»

ጋሼ አንዱን ፒን አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት። አንዱ ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ እንጉዳይ ራስ ተንጠፍጥፏል። ታግሎታል እንግዲህ፤ ስንት ጊዜ እንደመታው ይታያል። ገልብጠው ያልተመታውን ጫፍ ከቀዳዳው አፍ ላይ አስቀመጡና በአውራ ጣታቸው ገፉት። አልገባም። ሁለተኛውን ሞከሩ። አልገባም። ፒኑን ለመቶኛ ሰጧት።

«በይ አንቺ አስገቢው፣ ልጄ።»

ተቀበለችው። አልሞከረችም፤ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ከግራ ቀኝ የሚያዩዋትን ሰዎች ፊት አየች፤ አሁን ያዘኑላት፣ ጉልቤን የሚንቁ ፊቶች ነበሩ፤ ዝም ካለች ወይም አንዲት የይቅርታ ቃል ካለች ከእሷ ጋር እንደሚሆኑ ግልጽ ነው።

«ስንት ይወፍራል?» አላት ማዶኛው፣ መለኪያውን እያነሣሣ። ዓይኑ በርቷል።

«አትድከም። ሦስት መቶኛ።»

ለካው። ሦስት መቶኛ ነው።

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መውጫ እየሰጧት ነበር። «ያው ሰው ነሽ። ሥራ ይበዛል፣ እጅ ይስታል። ተሳስተሽ ነው በይና እንገላገል። ስህተት ማንንም አልገደለም።»

ይህችን ቃል ብትላት ኖሮ ይቅር ይሏት ነበር፤ ይቅርታውም ሳያልቅ ሥራዋን ሁሉ መልሰው መላልሰው ይለኩት ነበር። ጉልቤም ያወቀ ይመስላል፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ እየመጣ ነበር። ያቺ ፈገግታ ናት የወሰነችላት።

«አልተሳሳትኩም» አለች። «ሆን ብዬ ነው ያወፈርኩት። መጥቶ እንዲጠይቀኝ።»

ከፊቷ የቆሙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከሩቅ አንድ መኪና የተቀደደ ማርሚታውን እያንጓጓ አለፈ።

«እኔ ልክ ያጣሁበት አንድም ቀን የለም» አለች መቶኛ፣ ማፈግፈጋቸው ስላናደዳት። «ሦስት መቶኛ አልኩ፣ ሦስት መቶኛ ሆነ። ክፉ በሉኝ። የማታውቅ ግን አትሉኝም።»

ፋርማሲስቱ ክንዱን ፈታ፣ መጥቶ ፍላንጁን ከካርቶኑ አነሣ። የመንገዱን ሕግ ማን እንደነገረው አይታወቅም።

«ከጎኔ ባለቤቴ ነበረች» አለ፣ እንደ ልማዱ በዝግታ። «ከኋላዬ ድንጋይ የጫነ መኪና። መሪው ሲመታኝ ከቀኜ ገደል ነበር። እኔ የመሰለኝ ሞተር የገዛሁ ነው። ለካ የእናንተን ጠብ ነው ስነዳ የከረምኩት።» ወደ ጉልቤ ዞረ። «አንተ መጠየቅ አሳፍሮህ፤» ወደ እሷ ዞረ፣ «አንቺ ደግሞ ንቀቱን መርሳት አቅቶሽ። የትኛችሁ እንደምትብሱ እቤቴ ሄጄ አስብበታለሁ።»

ፍላንጁን በጥንቃቄ መልሶ አስቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ጎታች መኪና ይዞ መጣና መኪናውን፣ ሞተሩን፣ ፍርስራሹን ሳይቀር ጭኖ ከወንዙ ማዶ ወሰደ። ማዶኛው ከፊት ተቀምጦ እየሄደ እጁን አውለበለበላቸው።

ጋሼ ፍርድ አልሰጡም። ካርቶኑን አጥፈው «እኔ ራዲያተር ነው የምጠግነው» ብለው ገቡ።

በማግሥቱ እማማ ምሳቸውን ይዘው በጠባቧ በር አልመጡም። ዞረው በመንገድ በኩል መጡ፣ ሳህናቸውን አስቀመጡ፣ ተቀመጡ።

«ተሳሳትኩ ማለት ምን ነበረበት?» አሉ እያላመጡ።

«ውሸት ነዋ።»

«እሱማ ነው። ግን ልጄ፣ ለውነት ብለሽ አልነበረም ያልሽው።»

መቶኛ ሳህኑን ወደሳቸው አስጠጋች። እማማም ጎርሰው፣ «ያም እዚያ ‹ስምንት ቡሎን፣ ስምንት ቡሎን› እያለ ውሎ አደረ» አሉና ውሃ ጠየቋት።

ሥራው አልቀረም። ያሰበችውን ያህል እንኳ አልቀነሰም፤ ከማዶው ይልቅ እሷ ትቀርባለች፣ እጇ ደግሞ አልሳተም። ጉልቤም ሞተር መግጠሙን አልተወም፤ ደንበኞቹ ግን ካምቢዮው ከመነሣቱ በፊት አጠገቡ ቆመው ፒኖቹን በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። በቆርቆሮው ውስጥ ሲነጫነጭ ትሰማዋለች። ለሷም ሥራ የሚያመጣ ሁሉ አሁን መለኪያ በኪሱ ይዞ ይመጣል። ያ ቮላኖ ያስመለሰው ጋራዥም ቮላኖውን መልሶ ላከላት፤ ያመጣው ያው በሩ ላይ ቆሞ የነበረው መካኒክ ነው። አሁን ገብቶ ቆመ። ስትጨርስ ካሊፐሩን አወጣና ለካ።

«አምስት መቶኛ ይወፍራል» አለ።

«አይወፍርም።»

«ይኸው፣ እይው።»

አየችው። «ካሊፐርህ ነው። አፉ ተበልቷል። ወድቆብህ ያውቃል።»

«የኔ ካሊፐር አልወደቀም።»

«የኔም ቮላኖ አልወፈረም።»

«ታዲያ በምን ልመንሽ?» አላት። ሊሰድባት አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት። ከወር በፊት ይህን የሚጠይቅ ሰው መንገዱ ላይ አልነበረም።

በራሷ ማይክሮሜትር ለክታ አሳየችው። «ያንቺ ነዋ» አለ። ቮላኖውን በጨርቅ ጠቀለለና ተሸክሞ ወጣ። ወንዙን ተሻግሮ ማዶኛው ዘንድ ሊያስለካው እንደሆነ ገባት። ቶርኖውን አጥፍታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሥራ ነበራት፤ አልነካችውም። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ።

ተመልሶ ሲመጣ በላብ ርሶ ነበር፤ ቮላኖ ቀላል ዕቃ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከሥሩ ሁለተኛ ቮላኖ አወጣ፤ ይህም እንዲላጥ።

«ስንት አለ?» አለችው።

«አንቺ ያልሽውን።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ምንም። ካሊፐርህን ጣለው አለኝ።»

«ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። ዛሬ ልክ ሆነሻል፤ ነገን ማን ያውቃል።»

«እንግዲህ ጠንካራ ጫማ ግዛ» አለችው፣ ሁለተኛውን ቮላኖ ቶርኖው ላይ እያሰረች። «ይህንንም ይዘህ ትሻገራለህ።»